«አቦን!» ያለው ሰው

1.

«አቦን! ጊዜው ካለፈበት ዘይት ላይ የድሮውን ቀን በአሴቶን ጠርገው ነው አዲስ የሚያትሙበት» ብሏል ስሙ እንዲጠቀስ ያልፈለገ የዘይት ፋብሪካ ሠራተኛ።

ጋዜጣችን ፊት ገጽ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። ዘይቱ እውነት ነው። አሴቶኑም እውነት ነው። ውሸቱ ተናጋሪው ወንድ መሆኑና «አቦን!» ማለቱ ብቻ ነው።

2.

የነገረችኝ ሴት ናት። ዘርፌ እንበላት። ዘይት ፋብሪካ የምትሠሪ ዘርፌ ካለሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እንዲህ ስም እየቀያየርኩ ነው ሰው ያጠፋሁት።

ዘርፌ ስታወራ በየመሀሉ በአንድ ታቦት ትምላለች። በየትኛው እንደሆነ ለእናንተም አልነግርም። ፋብሪካው ውስጥ በዚያ ታቦት የምትምለው እሷ ብቻ ናት።

3.

ጋሽ መርዕድ (አዘጋጄ)፦ ስም የለው፣ ፎቶ የለው። ማን ያምንሃል?

እኔ፦ ኧረ ምላልኛለች።

ጋሽ መርዕድ፦ እንግዲያው መሐላውን አስገባዋ!

አስገባሁ። እንዳትታወቅ ግን ሴቲቱን ወንድ አደረግኳት፣ ታቦቷንም ቀየርኩባት። እናቴ የምትምልበት ቀድሞ አፌ ላይ መጣ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

4.

ይልቃል።

5.

ይልቃል የፋብሪካው ጥበቃ ነው። ስለመኖሩም አላውቅም ነበር። ቀን ወደሚቀየርበት ክፍል ከአለቆቹ ሌላ የሚገቡት ቁልፍ የሚይዘው ይልቃልና ማሸጊያ ላይ የምትሠራው ዘርፌ ናቸው። ይልቃል ደግሞ «እንዴት አደርክ?» ሲሉት እንኳ «አቦን! ደህና ነኝ» የሚል ሰው ነው አሉ።

ጋዜጣው በወጣ ማግስት ከሥራ አባረሩት። ስማችንን አጠፋ ብለውም ጣቢያ አሳሰሩት።

6.

የይልቃል ባለቤት ቢሯችን ድረስ መጣች።

«ወንድሜ፣ እሱ አይደለም ብለህ ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አላስቸግርህም።»

ውሃ ሰጠኋት። ሌላ ያደረግኩላት ነገር የለም። አፈርኩ፤ አሁንም አፍራለሁ።

እሱ አይደለም ብዬ ብጽፍ የምትቀረው አንዲት ሰው ናት።

7.

ስልክ፦

ዘርፌ፦ ጣቢያ ሄጄ ነበር። ስንቅ ይዤለት።

እኔ፦ ለይልቃል?

ዘርፌ፦ ሠራተኛው በየተራ ነው የሚያደርስለት። ዛሬ ተራው የኔ ነበር። «ያን የተናገረውን ሰው ባገኘው» አለኝ፣ እየበላ።

እኔ፦ ምን አልሽው?

ዘርፌ፦ ብላ አልኩት።

 

እኔ፦ እሱ አይደለም ብዬ ልጻፍ? አንቺ ከፈቀድሽ…

ዘርፌ፦ እኔን አትጠይቀኝ! ልጆቼን ብቻዬን ነው የማሳድገው። አደራ ብዬሃለሁ እኮ።

 

ዘርፌ፦ ደሞ እሱም ልጆች አሉት።

ዘጋችው።

8.

አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። የዘርፌን አደራ አክብሬያለሁ። ይልቃል ግን አደራ ሊለኝ እንኳ ዕድል አላገኘም።

መሐላው የኔ ፈጠራ ነው ብልስ? ዘገባው ሁሉ ውሸት ይባላል፤ ዘይቱም ገበያ ላይ ይውላል። ይህን ሰበብ ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ጥሩ ሰበብ ነው። እንቅልፍ ግን አላስተኛኝም።

9.

ጋሽ መርዕድ ለነገው እትም ትንሽ ቦታ ክፍት አድርጎልኛል። እስካሁን የጻፍኩት ይህን ነው።

ማስተካከያ

ስለ ዘይት ፋብሪካው ላወጣነው ዘገባ መረጃውን የሰጠን ሰው አቶ ይልቃል ____________