ሦስተኛው ቨርዳን ወይስ አምስተኛው

ምስጋኑ የጌም ማሽኑን በጋቢው ጠቅልሎ፣ ገመዱን አንገቱ ላይ ጥምጥም አድርጎ ሊወጣ ሲል የኔታ ደግሰው መቋሚያቸውን በበሩ ላይ አግድም ያዙበት።

"ወዴት ነው?"

"ንብረቴን ይዤ ወደ ቤቴ ነው፣ የኔታ።"

"ንብረትህ የትም አይሄድብህም። መጀመሪያ ተቀመጥ።"

የኔታ የጌም ቤቱ አከራይ ናቸው። ዋድላ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ልጃቸው ዘንድ ላሊበላ ገቡ። ምስጋኑም ዲያቆን ሳለ ከእሳቸው ጥቂት ቅኔ ቆጥሯልና እምቢ ማለት አልሆነለትም። ተቀመጠ። ማሽኑን ግን ከጭኑ አላወረደም።

ከፊት ለፊቱ ሙሉሃብት ቴሌቪዥኑን የሚነጥቁት ይመስል ተደግፎት ቆሟል። ጌም ቤቱ የሁለቱ ነው። ሲከፍቱት ሙሉሃብት ቴሌቪዥኑን አመጣ፣ ምስጋኑ ማሽኑን። አንዱ ከሌለ ሌላው ግድግዳ ሲያይ ይውላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከተኳረፉ ይኸው ስምንት ቀናቸው፤ በሩም ስምንት ቀን ተዘጋ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባልና ከመናኸሪያው ጀርባ ሌላ ጌም ቤት ተከፍቶ ደንበኛው ሁሉ ወደዚያ መጉረፍ ጀምሯል።

የጠባቸውን ምክንያት የሰማ ሁሉ ይስቃል። ቨርዳን የሚባል የጀብዱ ጌም አለ። ኬራ የምትባል ሴት የፈረሱ ከተሞችንና የተረሱ ዋሻዎችን ስትፈትሽ የምትኖርበት ሲሆን እስካሁን ስድስት ክፍል ወጥቶለታል። የከተማው ልጅ የኳስ ጌም ሲጫወት፣ እነዚህ ሁለቱና ሆቴል የምትሠራው ጽጌማርያም በቨርዳን ያበዱ ናቸው። ባለፈው ዓርብ "ከስድስቱ የቱ ይበልጣል?" የሚል ክርክር ተነሣ። ቃል ቃልን እየወለደ ሄደና ሙሉሃብት "ሦስተኛው የሕፃን መጫወቻ ነው" አለ። ምስጋኑም "አምስተኛውን የሚወድ ሰው ጓደኛ አያውቅም" ሲል መለሰ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። ለየኔታ የነገረቻቸው፣ አሁንም መደርደሪያው አጠገብ የቆመችው ጽጌማርያም ናት።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" አሉ የኔታ በርጩማ ስበው እየተቀመጡ። "እስቲ አስረዱኝ።"

ሦስቱም ባንድ አፍ ጀመሩ።

"አንድ በአንድ!"

"በሦስተኛው አንዷን በር ለመክፈት አሥራ ሁለት ምልክት በጭንቅላት መያዝ ግድ ነው፣ የኔታ" አለ ምስጋኑ። "ኬራም ጓደኛ አላት፤ ለሁለት ነው የምንጫወተው። በአምስተኛው ግን ጓደኛዋን ጥላው ትሄዳለች። ከዚያ መሮጥ ነው፣ መዝለል ነው፣ በቃ።"

"ላሊበላን! መሮጥ ብቻ አይደለም!" ሙሉሃብት ቴሌቪዥኑን ለቀቀ።

"እኔን ብትጠይቁኝ ሁለተኛው ነው" አለች ጽጌማርያም። "ስድስተኛውን ጠላትም አያመስግነው።"

የኔታ ጢማቸውን እያሻሹ ፈገግ አሉ። "እኛም ቅኔ ቤት ዋድላ ይበልጣል፣ ጎንጅ ይበልጣል ስንባባል ዘመናችን አለቀ። በእርግጥ የሚበልጠው ዋድላ ነው" አሉና ወደ ቁም ነገሩ ተመለሱ። "ባለ ቅኔ ሲዘርፍ ግን አጠገቡ ተቀባይ ይቆማል። የራሱን አይጨምርም፤ የሰማውን ቃል ሳያጎድል ያደርሳል። ዛሬ እናንተም አንዳችሁ ለሌላችሁ ተቀባይ ሁኑ። ሙሉሃብት ሦስተኛውን ያመስግን፣ ምስጋኑ አምስተኛውን። ያጎደለ ይክሳል።"

ሙሉሃብት መሬት መሬቱን እያየ ጀመረ። "በሦስተኛው የመጨረሻው በር የሚከፈተው ሁለት ሰው እኩል ሲጫን ነው። አንዱ ከቀደመ ጣራው ይናዳል። እኔና ምስጋኑ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብን። እሱ ሲቆጥር፣ እኔ ስጫን። የከፈትነው ቀን ጩኸታችንን የሰሙት ጎረቤቶች ሰው የሞተ መስሏቸው ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ መጡ።" ቀና አለ። "እንዲያ ያለ ጌም ከዚያ ወዲህ አልተሠራም።"

ጽጌማርያም ከት ብላ ሳቀች። ምስጋኑ ሊስቅ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ተራው መድረሱ ትዝ ሲለው ግን ሳቁን ተወው።

"አምስተኛው..." አለ። "ጅማሬው ያምራል። የኬራ ከተማ በጠላት ይያዛል። ሕዝቡ ሲሸሽ እሷም ትሸሻለች። ወንዙ ጋ ትደርሳለች። ከዚያ..."

"ከዚያስ?"

ምስጋኑ ማሽኑን በጋቢው ላይ ዳበሰው። ሽንጡን ገትሮ የተከራከረበት፣ ሰው ፊት ያጣጣለው ጌም ነው።

"አላውቅም፣ የኔታ። አልጨረስኩትም። ወንዙ ጋ ስደርስ መብራት ጠፋ።"

የቱ መብራት ብሎ የጠየቀው የለም። በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቶ ዓመት አልፎት የመጣው መብራት ነው። ያኔ የሙሉሃብት ቤተሰብ ወደ ደሴ ተሰደደ። ምስጋኑ የታመመች እናቱን ትቶ መሄድ ስላልቻለ፣ ማሽኑን ገብስ ጎታ ውስጥ ቀብሮ ቀረ። መብራቱ ሲመለስ አምስተኛውን ከማሽኑ አጠፋው። ወንዝ ተሻግራ የምትሸሽ ሴት ማየት አላማረውም።

"ሳትሰናበተኝ ሄድክ" አለ ድንገት፣ ወደ ሙሉሃብት ዞሮ። ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣው የመጀመሪያው ነበር።

"አባቴ መኪና ላይ ሲጭነን በእናንተ በር እንለፍ ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለኝ። ስልኩም ተቆርጦ ነበር።" የሙሉሃብት ድምፅ ሻከረ። "አምስተኛውን ደሴ አክስቴ ቤት ጨረስኩት። ወንዙን ከተሻገረች በኋላ ኬራ ትመለሳለች፣ አንተ! ያ ሁሉ ሩጫ የተለየችውን ጓደኛዋን ፍለጋ ነው። እኔ ደግሞ አንተ በሕይወት ኑር አትኑር አላውቅም። በየቀኑ ከእሷ ጋር ስሮጥ ነበር የምውለው።"

ምስጋኑ ይህን ሁሉ ዓመት ደረቱ ላይ ተጭኖት የኖረው ነገር እንደ ሸክም ሲወርድለት ታወቀው። ጓደኛው ረስቶት አያውቅም ነበር። ደስ አለው፤ አፈረም።

"ታገኘዋለች?" አለ።

"አልነግርህም።"

"ምስጋኑ አጉድሏል" አሉ የኔታ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። "ካሣው ምን ይሁን?"

"ይጨርሰው" አለ ሙሉሃብት።

ምስጋኑ ጋቢውን ፈቶ ማሽኑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። ጽጌማርያም መደርደሪያው ላይ አቧራ የለበሰውን ዲስክ በክንዷ ጠርጋ ሰጠችው። ማሽኑ ዲስኩን ዋጥ አደረገና፣ ቦታ የለም፣ አንዱን ጌም አጥፉ አለ። የተጫኑት ሁለት ናቸው፤ ኳሱና ሦስተኛው ቨርዳን።

"ኳሱን እናጥፋው" አለ ሙሉሃብት ቶሎ ብሎ።

"ኳሱ ከጠፋ ኪራዬን ማን ይከፍላል?" አሉ የኔታ።

ሁሉም ሳቁ። ምስጋኑ ጆይስቲኩን አንሥቶ ምልክቱን ሦስተኛው ላይ አሳረፈው። ሙሉሃብት ደንግጦ እጁን ያዘው።

"ተው! ሴቭ ያደረግነው ሁሉ አብሮ ይጠፋል! አሥራ አንድ ቀን እኮ ነው!"

"ሦስተኛውን በቃሌ ይዤዋለሁ" አለ ምስጋኑ፤ ተጫነውም።