ሰው የሌለባቸው ፎቶዎች

መምህርቷ ክፉ ነገር ሳይመጣ ወጥታ የምትቀበል ሴት ነበረች። መብራቱ ብልጭ ባለ ቁጥር «ሴቭ አድርጉ» ስለምትል፣ ተማሪዎቿ በሌለችበት «እትዬ ሴቭ» ይሏታል። ስሙን ታውቀዋለች፤ አልከፋትም። ሥራው የጠፋበት ተማሪ ሊያለቅስ ሲዳዳው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ትለውና፣ አጠገቡ ወንበር ስባ አብራው ከሀ ትጀምራለች።

የምታስተምረው የፎቶ ድርሰት ነው። ተማሪዎቹ ፎቶ ያነሳሉ፣ በኮምፒውተሩ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ በተርታ ይደረድራሉ፣ ከሥሩ ድምፅ ያስገባሉ፤ ለየብቻ ዝም ያሉት ፎቶዎች አንድ ላይ ሲሆኑ አንድ ነገር ይናገራሉ። የዚያ ሳምንት ትምህርት ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው መሸጋገር ነበር። ለምሳሌ እንዲሆናት ራሷ አንድ ሠራች። እውነቱን ለመናገር ግን ለክፍሉ ብላ አልነበረም፤ ለልጇ ነው።

ያለቻት አንድ ልጅ ናት። እሷም ሩቅ ከተማ ሄዳ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆናለች። ስትደውል «ደህና ነኝ እማ» ትላለች፤ እናት ግን ከዚያች «ደህና ነኝ» ውስጥ ጉንፋኑንም፣ ከአለቃ ጋር የተደረገውን ጭቅጭቅም፣ ያልተበላውን ራትም ለቅማ ታወጣለች። ልጅቷ ዘንድሮ ዕረፍቷን እቤት መጥታ ታሳልፍ ወይስ እዚያው እየሠራች ትቅር ገና አልቆረጠችም። እናት ነይ ብላ መጎትጎቱን አልወደደችም። ቤቱ ራሱ ይጥራት ብላ ፎቶ አነሳች፤ የተነጠፈውን አልጋ፣ ከአልጋው ሥር የተሰለፉትን ጫማዎች፣ እጀታው የተሰበረውን ኩባያ፣ በሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን ሹራብ። ፎቶዎቹን ጥቁርና ነጭ አደረገቻቸው። በየመሃላቸው ምስሉ ቀስ እያለ ወደ ጥቁር እንዲጠፋ አደረገች፤ ከሥር ለስለስ ያለ ፒያኖ አስገባች። ጠዋት ከቤት ሳትወጣ ላከችላትና፣ ክፍል ገብታ መጋረጃውን ዘግታ በፕሮጀክተር ለተማሪዎቿ አሳየች።

ሲያልቅ ክፍሉ ጭር አለ። ወደዱት ብላ ደስ ሊላት ሲል፣ ጓደኞቿ «ምላሴ» የሚሏት ተማሪ ከኋላ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ነፍስ ይማር። ማን ነበሩ?»

የሳቀም ሳቁን ያፈነም ነበር። መምህርቷ አልሳቀችም። ምላሴ የመምህርቷን ፊት ስታይ ቀልዱ እንዳልሠመረ ገባትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስረዳች። ሙዚቃው፣ ጥቁሩ፣ ባዶው አልጋ፤ ጎረቤታቸው ሲያርፉ ልጆቻቸው ያሠሩላቸው ቪዲዮ ልክ እንዲህ ነበር። ደግሞ ሰው የለበትም አለች፤ አንድም ሰው።

መምህርቷ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ዕድሜዋን ሙሉ መርዶ ስትፈራ ኖራ፣ በገዛ እጇ የልጇን መታሰቢያ አቀናብራ ልካለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እንዲህ ነው? ሟርት ከእናት እጅ ሲወጣ ደግሞ አይያዝም።

ክፍል ውስጥ ስልክ እንዳይከፈት የከለከለችው ራሷ ናት፤ ስለዚህ ደወሉ እስኪደወል ጠበቀች። ስልኳን ስትከፍት ልጇ ስትደውል፣ ስትደውል ቆይታለች። አንድ ነገር ሆናለች አለች በልቧ፤ ላኩት፣ ሆነ። መልሳ ስትደውል ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯት አነሳች።

«እማ፣ ምንሽን ነው ያመመሽ?»

«እኔን? ምኔንም።»

«አትደብቂኝ። ቤቱን ሁሉ አሳይተሽ አንቺ የለሽበትም። ምን እንድል ነው? አስፈቅጃለሁ፣ ዛሬውኑ ልነሳ ነው።»

ዛሬውኑ። መምህርቷ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ብዙ አያስፈልግም፤ አንዲት ሳል ብትስል ይበቃል። ነገ ጠዋት ሹራቡ ከበሩ ጀርባ ይወርዳል፣ ኩባያው ይሞቃል። ነገር ግን ልጇ ሌሊቱን አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ተደግፋ ምን ምን እያሰበች እንደምትመጣ ታያት። ያንን ሌሊት ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ለጠላቷም አትመኘውም።

«ደህና ነኝ፣ ልጄ። እውነት ደህና ነኝ። ለተማሪዎቼ የሠራሁት ነው፤ ጥቁሩን አበዛሁት።»

ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ እናት ልጇን እንደምትቆጣ ቆጣቻት፤ ሰው በጤናው እንዲህ ያለ ነገር ይልካል ወይ አለች። ሲበርድላት ለአለቃዋ ነገሩ መቅረቱን እንደምትነግረው ተናገረች። ዕረፍቱንም መሥራቱ ሳይሻል አይቀርም፣ ለሚቀጥለው ግን መምጣቷ ነው። እናት እሺ አለች። ሹራብ ደርበሽ ውጪ አለች።

በማግስቱ ያንኑ ድርሰት ክፍል ውስጥ ከፈተችው። ጥቁሮቹን ከየመሃሉ አንድ በአንድ እየነቀለች፣ ቀለሙን እየመለሰች አሳየቻቸው። ፎቶ እንዴት እንደተቀመጠ ሳይሆን ለማን እንደተላከ አስቡ አለቻቸው። ከዚያ ካሜራውን ለምላሴ ሰጥታ፣ ሰው ጎድሎበታል ካልሽ አንቺው ሙዪው አለችና ወንበሯ ላይ ወደ በሩ ዞራ ተቀመጠች።

ምላሴ አነሳች፣ አየች፣ ራሷን ነቅንቃ እንደገና አነሳች።

«ቲቸር፣ ካሜራው እዚህ ነው። በሩ ላይ ማንም የለም።»

«አውቃለሁ» አለች መምህርቷ። «አንሺ።»