ለሊድያ ያልተሰጠው ቤት

«እሺ፣ ቤትሽን ለመሸጥ የኔ ልጅ ምን ጎደላት?»

ሰርኬ ይህን ስትጠይቃት ጎረቤቷ የዓለምወርቅ የነጠላ ጫፍ እየቋጨች ነበር። ጣቶቿ ቆሙ። «ኧረ ምንም... እንዲያው ነው፣ በቃ» አለችና ወደ ክሩ አቀረቀረች። ያ ደግሞ መልስ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁታል። እውነተኛው መልስ የመጣላት ቆይቶ፣ ብቻዋን ሆና ነው፦ ሊድያ ምንም አልጎደላትም፤ የከበዳትም ይኸው ነበር።

ሁለቱ ሴቶች ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ባለው ዳገት ላይ አንድ አጥር ተጋርተው የኖሩ ናቸው። የሰርኬ ባል በሕይወት ሳለ ይሸምናል፣ የዓለምወርቅ እሱ የሠራውን ትቋጫለች፣ ልጆቻቸው ደግሞ ከየትኛው ቤት ምሳ እንደበሉ እስኪረሱ ድረስ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ይሯሯጣሉ። የቤት ደላላ ተምሮ ፈቃድ ያውጣ ሲባል፣ የሰርኬ ሊድያና የዓለምወርቅ ልጅ ኢዮብ ለሥልጠናው አብረው ተመዘገቡ። ኢዮብ ትንሽ ሄደና ሰለቸው። ሊድያ ጨረሰች፤ ተፈተነች፤ አለፈች።

ሊድያ አዲሱ ገበያ ከአንድ ፎቶ ቤት ጎን ጠባብ ክፍል ተከራይታ ፈቃዷን በመስታወት አስገብታ ሰቀለችው። የዓለምወርቅ እንኳን ደስ አለሽ ልትል ሄደች። የማታ ትምህርት ጀምራ ፊደል ከለየች ወዲህ ያገኘችውን ጽሑፍ ሳታነብ አታልፍም፤ ያንንም ቀስ ብላ አነበበችው። የሊድያ ስም ጋ ስትደርስ፣ እዚያው ቦታ ላይ «ኢዮብ» የሚለው ስም እንዴት ይመቸው እንደነበር በዓይኗ ለካች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰርኬ ስለ ልጇ ባወራች ቁጥር የዓለምወርቅ ድስት የጣደች ይመስል ብድግ ትል ጀመር።

እንዲህ እያለች ቤት የመሸጥ ጉዳይ መጣ። የዓለምወርቅ ሴት ልጅ ሃና ሸጎሌ ሆና ወልዳለች፤ የወሊድ ፈቃዷ እያለቀ ነው። «እማዬ፣ ልጄን ለማላውቃት ሞግዚት ጥዬ ከምሄድ አጠገቤ ብትሆኚልኝ» አለቻት። የዓለምወርቅ ሁለት ጊዜ አላሰበችም። ይሄን ቤት ሽጣ፣ ሃና ሥራ ሳትመለስ ሸጎሌ መግባት ነው የምትፈልገው። ሌላ ምኞት የላትም።

«ለሊድያ ስጫት» አላት ኢዮብ።

«አንተ የተውከውን እሷ ስለጨረሰች?»

«አዎና፣ ስለጨረሰች» ብሎ ሳቀ። የእሱ ሳቅ የበለጠ አንገበገባት።

ሊድያም ራሷ መጣች። «እትዬ፣ ቤቱን ለእኔ ብቻ ይስጡኝ። ሌላ ደላላ አይንካው። አንድ ቤት በብዙ አፍ ከዞረ ይበላሻል።»

«ለመሆኑ እስካሁን ስንት ቤት ሸጠሻል?»

«ምንም። የእርስዎ የመጀመሪያዬ ይሆናል።»

«በእኔ ቤት ልትማሪ ነዋ።»

«መማሩንስ ጨርሻለሁ፣ እትዬ» አለች ልጅቷ ፈገግ ብላ።

ክፋት አልነበረበትም። የዓለምወርቅ ግን የሰማችው ያልጨረሰውን ልጇን ነው። ሰርኬ እድር ላይ ተቀምጣ «ቤቷን የሸጠችላት የኔ ልጅ ናት» ስትል ታያት። በነጋታው ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ፈለቀ ወረደች።

ፈለቀ አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራው አጠገብ ሁለት ስልክ ይዞ የሚውል የድሮ ደላላ ነው። «እናቴ፣ እኔ ፈቃድ ምን ያደርግልኛል? ጉለሌ በሙሉ ያውቀኛል» አላት። እውነቱን ነው፤ ያውቀዋል። እሱም ቤቱን ለአንዱ ጓደኛው ነገረ፣ ያም ለሌላው፤ እያንዳንዱም የራሱን ጭማሪ ዋጋው ላይ ጫነበት። ወረቀቱ በየመብራት እንጨቱ ተለጠፈ። የማታውቃቸው ሰዎች መኝታ ቤቷ ድረስ እየገቡ ጣሪያውን አንጋጠው አይተው ይወጣሉ። ጥቂቶቹ «እናስብበት» ይላሉ፤ የቀሩት እሱንም አይሉም።

ከሁሉም ይልቅ ቤቱን የወደዱት ዓምሃ የሚባል ሰውና ሚስቱ ነበሩ። ሴትየዋ ጓሮውን ስታይ ፊቷ በራ። ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት ግን እንደ ደንቡ ጎረቤት ጠየቁ። ጎረቤት ማለት ሰርኬ ናት።

«ክርክር የለበት፣ ጎርፍ አይገባበት፤ ሴትየዋም ከሰው ተጣልታ አታውቅም» ስትል የዓለምወርቅ በአጥሩ ማዶ ሰማቻት። ማመስገን ሲገባት ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች። ቤቴ በሰርኬ አፍ ሊሸጥ ነው?

አልተሸጠም። ዓምሃ በሌላ ቀን ፊቱን አጥቁሮ መጣ። «እማማ፣ ለዚህ ቤት ሦስት ደላላ ሦስት ዋጋ ነገረኝ። ቤቱ የእርስዎ ብቻ ነው ወይስ ባለድርሻ አለ?»

«የኔ ነው እንጂ፣ የማን ይሆናል?»

«ይሁን። ግን ሚስቴ ፈርታለች።»

ባልና ሚስቱ ፈቃድ ያለው ሰው ፍለጋ ሲወርዱ ያገኙት የሊድያን ክፍል ነው። ሊድያ የዓለምወርቅ ቤት ንጹሕ እንደሆነ ነገረቻቸው፤ ሰውየው አመነ፣ ሴትየዋ ግን አንዴ ልቧ ሸሽቷል። ሰፈሩን ወዳዋለች፣ ያንን ቤት ግን አልፈልግም አለች። ማታ ሊድያ እናቷን «ዳገቱ ጉልበትሽን ጨረሰው፤ ለምን የእኛን አናሳያቸውም?» አለቻት።

ሰርኬ ለመናገር ራሷ መጣች። ከመቀመጧ በፊት በሩ ላይ ቆማ «ከሌላ ሰው እንዳትሰሚ ብዬ ነው» አለች። «ቤታችንን ለነዓምሃ ሸጠናል።»

የዓለምወርቅ ዱካ አቀረበችላት። «ወዴት ልትሄዱ ነው?»

«ሸጎሌ። ሊድያ ሜዳ ላይ ያለ ቤት ስትፈልግልኝ ያገኘችው እሱን ነው። ከሃና በር ብዙም አይርቅም። ሃናም በስልክ ደስ አላት፤ ሥራ ስትገባ ሕፃኗን እኔ ጋ ታውላታለች።»

«እሷ ነው ያለችሽ?»

«እስክትመጪ ድረስ ነው እንጂ። ቤትሽ እስኪሸጥ።»

«ደግ» አለች የዓለምወርቅ። ሰርኬ ከሄደች በኋላ ፈለቀ ጋ ደወለች። «እናቴ፣ ቤቱ ብዙ ሰው አየው፣ ትንሽ ይረፍ» አላትና ሌላው ስልኩ ጠራ።

ኢሱዙ መኪና ዳገቱን ወጥቶ ሲቆም ኢዮብ ዕቃ ሊያግዝ ተሻገረ። የዓለምወርቅም ተከተለችው፤ አልጋና ሳጥን አወጡ፣ የሟቹን የሽመና ዕቃ በገመድ አሰሩ። ሰርኬ አቅፋት አለቀሰች። ሊድያ ጋቢና ከመግባቷ በፊት ተመልሳ መጣች።

«እትዬ፣ አሁንም ቢሆን ቤቱን ልያዘው? ሃና እየጠበቀችዎት ነው።»

የዓለምወርቅ የልጅቷን ፊት አየች። እሺ ብትል ከክረምቱ በፊት የልጅ ልጇን እንደምታቅፍ ያን ጊዜ አልተጠራጠረችም። አፏን ከፈተች። ሰርኬ ከመኪናው ውስጥ አንገቷን አውጥታ ወደ ልጇ ስትመለከት አየች፤ ያንን የኩራት አስተያየት።

«ፈለቀ ይዞታል» አለች።

ሊድያ ራሷን ነቅንቃ ገባች። ሰርኬና ሊድያ ወደ ሸጎሌ ሄዱ። የዓለምወርቅ ከኢዮብ ጋር እዚያው ዳገቱ ላይ ቀረች።