ጌዲዮን ያላሳያት ሕንፃ

ጫማዎቹ የሉም። የትምወርቅ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆማ ደረጃውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተመለከተች። ከግማሽ ሰዓት በፊት የራሷንና የባሏን ጫማ ጎን ለጎን ባስቀመጠችበት ድንጋይ ላይ አሁን ሁለት እርግቦች ብቻ ይንጎራደዳሉ።

"ጌዲ፣ ወስደውታል" አለች።

"ነግሬሽ ነበር። በዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ አይወለቅም አልኩሽ።"

"ታዲያ አንተስ ለምን አወለቅህ?"

ጌዲዮን ያወለቀው እሷ ባዶ እግሯን እየገባች እሱ ተጫምቶ መከተሉ ስላሳፈረው ነው። ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ፤ አውራ ጣቱ በካልሲው ቀዳዳ ብቅ ብላለች። የትምወርቅም አየቻት። መጀመሪያ እሷ ሳቀች፣ ቀጥሎ እሱ።

ፕራግ ከገቡ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ከተጋቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ከሚኒያፖሊስ ለሽርሽር ሲወጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ልጃቸውን ሊናን ሲዋርድ ሰፈር ከሚኖሩት ጎረቤቶቻቸው፣ ከሞሲሳና ከባለቤቱ ከዳራርቱ ዘንድ ትተው መጥተዋል። ጉዞው ግን ሽርሽር ብቻ አልነበረም። ሞሲሳ የሚሠራበት የአጎራባቿ ከተማ፣ የሴንት ፖል መሥሪያ ቤት የድልድይና የመንገድ ንድፍ የሚያዘጋጅ ሲሆን፣ በቅርቡ አንድ ቦታ ተከፍቶበታል። "አንተ ዲፕሎማህን ብቻ ይዘህ ና፤ የቀረውን ለእኔ ተወው" ብሎታል ሞሲሳ። ጌዲዮን ስምንት ዓመት ሙሉ ዳውንታውን ካለ አንድ ፓርኪንግ፣ ከመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ትኬት ሲቀበል ኖሯል። ሆኖም የአገሩ ሰው ሁሉ ኢንጂነር ጌዲዮን ይለዋል፤ ፕራግ የተማረ ሰው ነውና። ወረቀቱ የት እንዳለ ሲጠየቅ መልሱ ምንጊዜም አንድ ነበር፦ "እዚያው ቀርቷል።"

በእነዚህ ሦስት ቀናት የድንጋዩን ድልድይ፣ ኮረብታው ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት፣ በየሰዓቱ የሐዋርያት ምስል እየወጣ የሚዞርበትን የግንብ ሰዓት አሳይቷታል። የትኛው ግንብ በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደቆመ ሳይደናቀፍ ይነግራታል። የተማረበትን ሕንፃ ግን አላሳያትም። ዓርብ ዕለት መሽቷል አለ። ቅዳሜ ዝግ ነው አለ። የትምወርቅ የተጠራጠረችው ነገር አልነበረም፤ የገረማት ካርታው ነው። ጌዲዮን ካርታውን በዘረጋ ቁጥር አንዱን ማዕዘን እንደታጠፈ ይተወዋል።

"አሁን ምን ይሻላል?" አለች። "ሱቅ አይኖርም?"

"እሑድ ነው።"

"ሆቴሉስ?"

"ሩቅ ነው።" የጎዳናውን ጠርብ ድንጋይ፣ ከዚያም በላዩ የተበተነውን የጠርሙስ ስባሪ አየ፤ ቀጥሎ እግሯን። "እዚህ ቅርብ የማውቀው ቤት አለ" አለ፤ ድምፁ ግን የደስታ አልነበረም።

ቤቱ ግራጫ ባለ አራት ፎቅ የተማሪዎች መኖሪያ ነበር። ከበሩ ውስጥ፣ ከትንሽ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠች ሸበቶ ዘበኛ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ ጌዲዮንን አየች፤ ከወንበሯ ተነሥታ ስሙን ጠራች፤ ጉንጮቹንም በሁለት እጇ ያዘች። ባዶ እግራቸውን ስታይ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ ነጠላ ጫማ ጎትታ አወጣች።

"እነሱም ያወልቃሉ ማለት ነው!" አለች የትምወርቅ።

"እነሱ የሚያወልቁት ቤት ሲገቡ ነው። ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለምንጣፉ።"

ሴትየዋ ብዙ ተናገረች። በመሃል ሦስት ጣቶቿን አንሥታ ራሷን ነቀነቀች።

"ምን አለች?"

"እንኳን ደህና መጣህ ነው ያለችው።"

"ይህን ሁሉ ሰዓት?"

"ቋንቋቸው ረጅም ነው።"

ሴትየዋ አሁን ወደ የትምወርቅ ዞራ፣ ሴት ለሴት መግባባቱ እንደማያቅታቸው ሁሉ፣ ሦስቱን ጣቶች ደግማ አሳየቻት። የትምወርቅም የራሷን ሦስት ጣቶች አንሥታ ወደ ባሏ መለሰቻቸው።

"ሦስት ምን?"

ጌዲዮን አጠገቡ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"ሦስት ሳምንት" አለ። "የመመረቂያ ሥራዬን ላቀርብ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ነው የጠፋሁት። የአገራችን ኤምባሲ ለአስቸኳይ ጉዳይ ወደ አገር ትመለሳለህ አለኝ። ከእኔ በፊት እንዲያ የተባሉት ልጆች ደብዳቤ እንኳ አልጻፉም። በማግሥቱ ባቡር ይዤ ምዕራብ በርሊን ገባሁ።"

"ዲፕሎማውስ?"

"የለም፣ የትሜ። ኖሮም አያውቅ።"

የትምወርቅ ከጎኑ ተቀመጠች። "ኢንጂነር ያለህ ማነው ታዲያ?"

"ሞሲሳ። ኤርፖርት ሊቀበለኝ መጥቶ ለሰው ሲያስተዋውቀኝ ነው ያለው። ያን ጊዜ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ዝም ማለት ራሱ ሁለተኛ ሥራ ሆነብኝ።"

"አሁን ስንመለስ ምን ልትለው ነበር?"

"መዝገብ ቤቱ ተቃጠለ።"

"ለእኔስ?"

"ለአንቺም ያንኑ" አለ።

የትምወርቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ሴትየዋ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አምጥታ፣ ነገሩ የገባት ይመስል፣ አስቀምጣላቸው ወዲያው ሄደች። ሻዩ እስኪበርድ ማንም አልነካውም።

"ስለ ምን ነበር?" አለች የትምወርቅ በመጨረሻ።

"ምኑ?"

"ያላቀረብከው ሥራ።"

"ስለ ድልድይ ምሰሶ። በክረምት ወንዙ ይረጋል፤ በጸደይ በረዶው ተሰባብሮ ሲወርድ ምሰሶውን እንደ በሬ ነው የሚወጋው። ትናንት ባየነው ድልድይ ምሰሶዎቹ ፊት ለፊት ሹል አፍንጫ አላቸው፤ አላስተዋልሽም? በረዶውን የሚሰነጥቀው እሱ ነው።" ሁለት እጆቹን አጋጥሞ አፍንጫውን ሠራላት፤ በረዶው በግራና በቀኝ እንዴት እንደሚያልፍ በጠረጴዛው ላይ አሳያት። የትምወርቅ ይህን ሰው በመስታወት ቤቱ ውስጥ አይታው አታውቅም።

"የእኛም ወንዝ ሚሲሲፒ በረዶ ያወርዳል" አለች።

"ያወርዳል። በድልድዩ ባለፍኩ ቁጥር የማየው ምሰሶውን ነው።"

"የመመረቂያ ሥራህ አሁንም ይኖር ይሆን?"

"ሴትየዋ፣ መምህሬ ሁለት ጊዜ እየመጣ ስለ እኔ ጠይቋል አለች። የተማሪ ፋይል አይጣልም፤ ነገ ቢሮ ሄደህ ጠይቅ ነው የምትለኝ። ግን በአርባ ዓመቴ ምን ብዬ? ይስቁብኛል።"

"ዛሬ በካልሲህ ጎዳናውን አቋርጠህ ስትመጣ ማን ሳቀብህ?"

"አንቺ።"

"እኔ ነገም እስቃለሁ። ለሞሲሳ ግን ተቃጠለ ብለህ ብትነግረው አጠገብህ አልቆምም። ይህን ዛሬውኑ እወቀው።"

ጌዲዮን አንገቱን ደፋ። "እውነቱን ከሰማ ቦታው ይቀራል።"

"ይቅር።"

ሰኞ ጠዋት ጫማ ገዙ። ከዚያም ጌዲዮን ካርታውን ሳይዘረጋ፣ በአራት መንገዶች አዟዙሮ፣ ከአንድ ቢጫ ሕንፃ ፊት አቆማት። የበሩ እጀታ ናስ ነው፤ ከብዙ እጅ የተነሣ መሃሉ ነጥቷል።

"አንቺ ወንዙ ዳር ብትጠብቂኝ ይሻላል" አለ። "እኔ ቶሎ እመለሳለሁ።"

"እንዳልክ" አለች የትምወርቅ። "ብገባም የምትባባሉት አይገባኝም።"

ቅር ያላት አትመስልም ነበር፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወደ ወንዙ መንገድ ዞረች። ጌዲዮን እጀታውን እንደያዘ ቆመ። ተማሪዎች ይቅርታ እየጠየቁ በአጠገቡ ገቡ። እሷ መንገዱን ልትሻገር አንድ እርምጃ ሲቀራት ጠራት።

"የትሜ፣ ነይ።" በሩን በሰፊው ከፍቶ፣ እንድትቀድመው ወደ ጎን ሸሸ። "የሚሉኝን ቃል በቃል እተረጉምልሻለሁ።"