ሰደርያ የለበሰው ወንበር

፩

ወንበሩ ላይ ሰው የለም። ብርቱካናማ ሰደርያ ነው ያለው።

ለመንሳፈፊያ የሚለበሰው ዓይነት። ትከሻው ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ማሰሪያው ወደ ወለሉ ይወርዳል። ስብሰባችንን ለማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስላል። አይደለም። ሰደርያው የጉባኤ አባል ነው።

፪

የምትጠይቁኝን ዐውቃለሁ፤ ከተማው ሁሉ ይጠይቀናልና። «የባሕር ሳይንስ ኮሌጅ? ባሕሩን የት አስቀመጣችሁት?»

ያለን ሐይቅ ነው። በዳርቻው ሦስት የትምህርት ክፍሎች አሉን፤ የዓሣ ሀብት፣ የሐይቆችና ወንዞች፣ የውቅያኖስ ሳይንስ። የመጨረሻውን የሚመራው አሰብ ተወልዶ ያደገው ዶክተር እድሪስ ነው። ማዕበልን ከሐይቁ፣ ጨዋማ ውሃን ከበርሜል እያሳየ ያስተምራል። ተማሪዎቹ ጥቂት ናቸው። አንዳቸውም ግን ከክፍል ሲቀሩ አላየሁም።

፫

እንዴት እንደምንተዳደር።

በበላይ ዲናችን ዶክተር አስካለ አሉ። ጉባኤው ስድስት ድምፅ አለው፦ ሦስቱ የክፍል ኃላፊዎች፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ የመምህራን ተወካይ፣ የተማሪዎች ተወካይ። ዲኗ ድምፅ የሚሰጡት እኩል ለእኩል ሲሆን ብቻ ነው። እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ ድምፅ የለኝም።

ድምፅ ከታናሽ ይጀምራል። ትልቁ ከተናገረ በኋላ የታናሽ አፍ ይያዛልና።

ሌላው ልማድ በየትኛውም ደንብ አልተጻፈም። የመጀመሪያው ዲን ሐይቁ ላይ ሞተር ጠፍቶባቸው ሳለ ጉባኤው በሌሉበት ወሰነባቸው። ሲመለሱ አልተቆጡም። እርጥብ ሰደርያቸውን አውልቀው ወንበራቸው ላይ ሰቀሉና፣ «ከእንግዲህ ውሃ ላይ ያለውን ሰው እዚህ አለ በሉ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ለሥራ ሐይቅ የወጣ አባል ወንበሩ ሰደርያ ይለብሳል። እሱ እስኪመለስ ጉባኤው ድምፅ አይሰጥም።

፬

የዕለቱ አጀንዳ፦ የውቅያኖስ ሳይንስ ክፍል ይቆይ ወይስ በዓሣ ሀብት ሥር ይጠቃለል?

አቅራቢው የዓሣ ሀብት ኃላፊው ዶክተር ገልገሎ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። የእሱ ተማሪዎች ለአንድ ማይክሮስኮፕ ይሰለፋሉ፤ የእድሪስ ላቦራቶሪ ግማሹን ቀን ይቆለፋል። ምሳ አብረው ይበላሉ፤ እየተሰዳደቡ።

ማን ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። እድሪስ ካለ ሦስት ለሦስት ነው። እድሪስ ከሌለ ክፍሉ የለም።

እድሪስ ደግሞ የለም። ጠዋት ወንበሩን ሰደርያ አልብሶ፣ ተማሪዎቹን ይዞ ናሙና ሊቀዳ ሐይቅ ወጥቷል።

፭

ከተቀዳው ድምፅ።

ባንቲ (የላቦራቶሪ ኃላፊ)፦ እስከ መቼ ነው ጨርቅ የምንጠብቀው?

ትርሲት (የተማሪዎች ተወካይ)፦ ጋሽ ባንቲ፣ ጨርቁ እኮ ከአንዳንድ አባል ይልቅ ያዳምጣል።

(ሳቅ።)

ዲን፦ ይጠበቃል።

ገልገሎ፦ ይጠበቅ። ፊቱን እያየሁ ነው የማሸንፈው።

(ነፋስ። መስኮት ተላተመ።)

ገልገሎ፦ ትርሲት፣ እስኪ ሰደርያውን ገልብጪው። አንገቱ ላይ ምን ተጽፏል?

ትርሲት፦ «እድሪስ» ይላል።

ገልገሎ፦ የራሱን? ትርፉ ሰደርያስ?

ዲን፦ የምን ትርፍ?

ገልገሎ፦ ለወንበር የምናኖረው ነዋ! ትናንት ለተማሪዎቼ አውጥቼው… አልመለስኩትም።

፮

ገባችሁ?

እድሪስ ለወንበሩ የሚሆን ትርፍ አጣ። ልማዱን ላለማፍረስ የራሱን ሰቀለ። ይህን ዓይነት ስሕተት የምንሠራ እኛ ብቻ ነን፤ ወንበሩ እንዳይሰጥም ሰውየውን ያለ ሰደርያ እንሸኛለን።

ሐይቁ ላይ ደግሞ ከቀትር በኋላ ማዕበል ይነሣል።

፯

ገልገሎ ሰደርያውን አነሣ። ኮቱን አውልቆ የራሱ ወንበር ላይ ጣለና፣ «ይህ እኔ ነኝ» ብሎ ሮጠ። የሁለተኛው ጀልባ ሞተር ሲነሣ ሰማን።

፰

ባንቲ፦ እንግዲህ የእድሪስ ወንበር ባዶ ነው። ሰደርያው ተነሥቷል። የገልገሎ ኮት ግን አለ። ኮቱን ከቆጠርን እኛ ሦስት፣ እነሱ ሁለት።

ዶክተር አስካለ ተነሡ፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው የእድሪስ ወንበር ላይ አለበሱት።

ዲን፦ አሁን ቁጠር፣ ባንቲ።

፱

ጠበቅን።



፲

ተማሪዎቹ ደኅና ናቸው። እምቦጭ ሞተሩን አንቆት፣ እድሪስ ሊፈታ ውሃ ገብቶ፣ ማዕበሉ መልሶ አላስወጣው ብሏል። ገልገሎ ሲደርስ እድሪስ የጀልባውን ጠርዝ በአንድ እጁ ይዞ፣ ተማሪዎቹን «አትነሡ! ተቀመጡ!» እያለ ነበር።

ሁለቱም ውሃ እያንጠባጠቡ ገቡ። ሰደርያው እድሪስ ላይ ነው።

«ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው አንተን የላኩብኝ?» አለ እድሪስ።

«ድምፅህን ፈልጌ ነው እንጂ አንተንስ ጉማሬም አይፈልግህ።»

፲፩

ድምፅ፣ ከታናሽ።

ትርሲት፦ ይቆይ።

የመምህራን ተወካይ፦ ይቆይ።

የሐይቆችና ወንዞች ኃላፊ፦ ይጠቃለል።

ባንቲ፦ ይጠቃለል።

እድሪስ፦ ይቆይ እንጂ!

ገልገሎ፦

(ኮቱን ገና አልለበሰም። ጥርሱ ይንገጫገጫል። ሁላችንም አየነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምንጠብቀው፤ እሱም የምናውቀው መሰለን።)

ገልገሎ፦ ይጠቃለል።

ትርሲት፦ ዶክተር! አሁን እኮ እርስዎ ራስዎ—

ገልገሎ፦ ያመጣሁት የራሱን ድምፅ እንዲሰጥ ነው፤ የእኔን እንዲወስድ አይደለም። ተማሪዎቼ አሁንም ተሰልፈው ነው ያሉት።

ቀድሞ የሳቀው እድሪስ ነው። ኮቱን ከወንበሩ አንሥቶ ገልገሎን አለበሰው።

ስለ ኮሌጃችን አስተዳደር ለሚጠይቀኝ እንግዳ ሁሉ የምነግረው ይህንን ነው።

፲፪

ሦስት ለሦስት።

ዶክተር አስካለ ነጠላቸውን ከወንበሩ አነሡ፤ አጠፉት። በመስኮቱ በኩል የተቆለፈውን የእድሪስን ላቦራቶሪ አዩ። ከደጁ እርጥቦቹ የእድሪስ ተማሪዎች የናሙና ጠርሙሶቻቸውን አቅፈው ቆመዋል፤ ከጎናቸው የገልገሎ ተማሪዎች ተሰልፈዋል።

የቀረው የእሳቸው ድምፅ ነው፤ ብዕሬን አነሣሁ።

ዲን፦