ከመስኮቱ የሚታየው ጎን

«አውቶብሱ ከዛሬ ጀምሮ የማኅበራችሁ ነው» አለችው ዲምፕና ፊንታን ኮንሎንን። ሻይ ትቀዳ የነበረችው አክስቷ አትራክታ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች።

የአባቷ የማላኪ አስከሬን በተከፈተ ሳጥን ውስጥ፣ ጓሮውን በሚያሳየው መስኮት ሥር አርፏል። እንደ አገሩ የለቅሶ ቤት ደንብ መጋረጃዎቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ጎረቤቶቹ ሳንድዊች እየበሉ ማላኪ ካርታ ሲጫወት እንዴት እንደሚያጭበረብር እያነሱ በቀስታ ይስቁ ነበር፤ አሁን ግን ሁሉም ኩባያ ኩባያውን ያይ ጀመር። ስጦታው ያስደነቃቸው መሰላት። አባቷ ጓሮ ያቆመው አውቶብስ ትንሽ ሥራ ብቻ እንደቀረው፣ ሕመምተኞችን ወደ ባሕር ዳርቻ ሊወስዱበት እንደሚችሉ ተናገረች። ፊንታን ኮንሎን ተነሥቶ እጇን ጨበጣት። እናቷን እቤት ድረስ እየመጣ ያስታመመው የበጎ አድራጎት ማኅበር ሰው ነው።

እናቷ ኑዋላ የመጨረሻ ዓመቷን የተኛችው እዚሁ፣ አሁን ሳጥኑ ባለበት ቦታ ነበር። ያኔ አባቷ አንድ ያረጀ አውቶብስ ገዝቶ ጓሮ አቆመና በበጋ ባሕር እንደሚያሳያት ነገራት። ዲምፕና ከደብሊን በመጣች ቁጥር አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ቀይ ቀለሙን፣ የተወለወሉትን መስኮቶች ታይ ነበር። አንድ ቀን እናቷ አባቷን፣ «ያኛውስ ጎን?» አለችው።

«እንደዚሁ ነው» አላት፣ ብሩሹን እንደያዘ።

በጋው ሳይደርስ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ባሉት አራት ዓመታት ዲምፕና ስትጠይቀው «ጥቂት ቀርቶታል» ይላታል። ዞራ ወዲያኛውን ጎን አላየችም።

በማግስቱ ጠዋት ከኮንሎን ጋር ዞራ አየች። ወዲያኛው ጎን ቀለም የሚባል ነገር አልነካውም። ቆርቆሮው በዝገት ተበልቶ የበሰበሰው እንጨት ወጥቷል። ወንበር የለ፣ ሞተር የለ። ወለሉ ላይ ሣር በቅሏል።

ኮንሎን ባርኔጣውን አወለቀ። «ልጄ፣ ብንወስደውም ለብረት አቅላጭ ነው።»

«ይወሰድ» አለች። «ከቀብሩ በፊት።»

አትራክታን ኩባያ ስታጥብ አገኘቻት።

«ታውቂ ነበር?»

«የጎረቤቱ ማሳ በዚያ በኩል አይደል? ያላወቀ የለም።»

«እማዬስ?»

አትራክታ ውሃውን ዘጋች። «ልትሞት ሳምንት ሲቀራት ስለ ወዲያኛው ጎን ጠየቀችኝ። ማላኪ እንዳለሽ ነው አልኳት፤ ፊቴን አየችው። ከዚያ ወዲያ መጋረጃው እንዲከፈት አልፈለገችም።»

«እሱስ?»

«እስክትሞት ድረስ ያንኑ ጎን ሲቀባ ነበር።»

በሦስተኛው ቀን፣ ሳጥኑ ሳይዘጋ፣ የጭነት መኪናው መጣ። አውቶብሱ ያማረ ጎኑን ለቤቱ ሰጥቶ ሲጎተት ዲምፕና ወደ መስኮቱ ሄደች። በመጋረጃው ክፍተት ቀዩ ቀለም ታያት። ልትከፍተው የዘረጋችው እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሁለቱን የመጋረጃ ጫፎች ገጥማ፣ የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ በአባቷ ራስጌ አጥብቃ ይዛቸው ቆየች።