ፓራፋንጎዋ ላይ

«እንግዲህ ትራክተሩ ላይ ማን አብሯት ይቀመጣል?» አለ አለበል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የአለበል ዝቅ ያለ ድምፅ ከድንኳኑ ወጥቶ ጉምሩክ ይደርሳል።

ለቅሶ የተቀመጡት ወንዶች ሁሉ ድንገት የጫማቸውን ጭቃ መመርመር ያዙ። ከመካከላቸው ዋለ የሚባለውም መረመረ። የመተማ ጭቃ ነው፤ ሌላ ምን ይገኝበታል።

እፀገነት ይህን ሳትሰማ አልቀረችም፤ ጣሳ ይዛ ለእንግዶቹ ውሃ እያደለች ነበር። አምና ክረምት ለሰሊጥ አረም ከጎጃም የወረደች ልጅ ናት። አብረዋት የመጡት ሲመለሱ፣ እሷ የምትመለስበት ቤት ስላልነበራት ቀረች። ያኔ ነው ሟቹ አገኘሁና ሚስቱ ሰርኬ ከቤታቸው ያስገቧት፤ አገኘሁም አሮጌ ትራክተሩን መንዳት ያለማመዳት። አሁን አገኘሁን ወባ አጣድፎ ወስዶታል። ትራክተሩ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል፤ ልጅቱም የምትቆየው ሰልስቱ እስኪወጣ ብቻ ነው። ባፈና የሚሉት ደላላ ከድንበሩ ማዶ፣ ገላባት፣ ሻይ ቤት ሥራ አግኝቼልሻለሁ ብሏታል። ማዶ ጦርነት መሆኑን ባፈናም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

ዋለ የሟቹ የአጥር ጎረቤት ነው። በፍየል ሲጣሉ፣ በዚያችው ፍየል ሥጋ ሲታረቁ የኖሩ ናቸው።

ዘንድሮ መሬቱ ገና ሲርስ አገኘሁ መሪውን ለልጅቱ ቢሰጣት፣ ማሳውን በኪራይ የሚያሳርሰው ገበሬ አሻፈረኝ አለ። ማሳዬ የልጅ መማሪያ አይደለም፣ ሰሊጥ በጠማማ ፈር አይዘራም ያላለ አልነበረም። አገኘሁ አልተከራከረም። ከትልቁ ጎማ በላይ ያለችው ብረት፣ ፓራፋንጎዋ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ። «እኔ አለሁ» አለ፣ በቃ። ገበሬውም ልጅቱን ሳይሆን እሱን አይቶ ማሳውን ሰጠ። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ እዚያች ብረት ላይ ፀሐይ ሲጠብሰው ይውላል፤ አይናገርም። ፈሩ ሲጣመም ብቻ ያስላል። ያን ጊዜ ልጅቱ መሪዋን ታቃናለች።

ዋለ በዚህ ይስቅበት ነበር። «አገኘሁ፣ ዶሮ ነህ እንዴ ቆጥ ላይ የምትውል?»

«በወዲያኛውም ጎማ ቆጥ አለልህ፣ ና ውጣ» ይለዋል አገኘሁ።

ዋለ እየሳቀ ወደ ጥላው ይመለሳል።

ከቀትር በኋላ ፈሀድ የሚባል ሾፌር ከገለጉ ከተማ ደረሰ፤ የተሳፈረበት መኪና ጭቃ ውስጥ ቀርቶበት የቀረውን መንገድ በእግሩ ነው የመጣው። እሱም በልጅነቱ እዚያችው ትራክተር ላይ የተለማመደ ነው፤ ዛሬ ገለጉ ውስጥ የባለሀብት ማሽን ይነዳል። ድንኳኑ ከመግባቱ በፊት ትራክተሩ ዘንድ ሄዶ ፓራፋንጎዋን በመዳፉ ጠረጋት። ዋለ አጠገቡ ተቀምጦ፣ አገኘሁ ምን ምን እንዳስተማረው ጠየቀው፤ ለልጅቱ የሚነግራት አንድ ነገር ቢያገኝ ብሎ ነው።

«ምንም አላስተማሩኝም እኮ» አለ ፈሀድ፣ ራሱም ገና አሁን እንደገባው ሰው። «ብቻ ከዚያች ብረት አልወረዱም።»

ይህ ለዋለ ምን ይረባዋል? እሱ የፈለገው ምክር ነበር።

ሰልስቱ ወጣ። ፈሀድ በጠዋት ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ድንኳኑም መፈታት ጀመረ። ሰርኬ ዋለን ጠራችው። ለቅሶው ድምጿን ዘግቶት ነበር። «ዋለ፣ ወንድሜ፣ አንድ ነገር በላት። እኔ የምለው አጣሁ።»

እሱስ ከየት ያመጣል? የገዛ ልጆቹን እንኳ የሚመክራቸው በእናታቸው በኩል ነው።

እፀገነት ትንሽ ሻንጣዋን ይዛ ትራክተሩ አጠገብ ቆማለች። ዋለ ጀመረ። ትዕግሥት ጥሩ ነው አለ፣ የሰው አገር ክፉ ነው አለ፣ ወጣት የነገ አገር ተረካቢ ነው አለ፤ በቀበሌ ስብሰባ የሰማውን ሁሉ ጨረሰ። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ በትሕትና ጠበቀችው።

«ጋሼ ዋለ፣ ለብቻዬ ማሳውን የሚሰጠኝ የለም» አለች ሲጨርስ። «እዚህ ቀርቼ ምን ልሁን?»

«እኔ እኮ ስለ ማሽን አንድም ነገር አላውቅ።»

«እሱንስ አውቃለሁ» አለች፤ ለአፍታ ፈገግ ብላ ነበር።

የባፈና ባጃጅ በር ላይ ጡሩንባውን ነፋ። ዋለ የሚረዳው ሰው ቢያገኝ ብሎ ዙሪያውን አየ። አለበል የድንኳኑን ምሰሶ ተሸክሞ ፊቱን አዞረ። ሌላ የሚመጣ አልነበረም። ዋለ ጋቢውን ሰብስቦ እግሩን ወደ ፓራፋንጎዋ አነሳ፣ አንሸራተተው፤ ልጅቱ ክንዱን ይዛ ደገፈችው። ወጣ። ብረቱ ርጥብ ነው፣ ይቀዘቅዛል። በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘው፤ ትራክተሩ እንደሆን ንቅንቅ አላለም።

«ከዚህ ወዲያ ምን እንደሚባል አላውቅም» አላት።

ሻንጣዋን ከእግሯ ሥር አስቀምጣ መሪው ኋላ ተቀመጠች። ሞተር አላስነሳችም፤ የለቅሶ ቤት ነው። ባጃጁ ደግሞ ነፋ። ከዚያች ቆጥ ላይ ሆኖ ሲያዩት የአገኘሁ ማሳ እስከ ጥጉ ይታያል፤ ዋለ ይህን እስከዛሬ አያውቅም ነበር። እንባው መጣበት። ወንድ አይደል፣ አስሎ ሸፈነው።

እፀገነት መሪዋን ጥቂት አቃናች።